ሁለቱ የሐኪም ወረቀቶች

ባስቶስ፣ ብራዚል
ማርች 8 ቀን 1999

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፉሳኤ፤

በያትሱሺሮ የፕሪሙ አበባ ረግፎ የታታሚ ምንጣፍ የሚሠራበት ቄጠማ ከውኃው ቀና ቀና የሚልበት ወቅት ነውና እንደምን ከረማችሁ? ሙታኖቻችን ከደጃችሁ አይራቁ። በእኛ በኩል ሙቀቱ አልወጣ ብሎ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ፤ እንቁላል መጣሉን ትተው እኔን መታዘብ ሆኗል ሥራቸው። አክስትሽ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኔም ከአፌ በቀር ሁለመናዬ አርጅቷል።

አባትሽ ጽፎልኛል። "ጨጓራዬ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። የሚሰጡኝ የሩዝ አጥሚት የሕፃን ምግብ ነው" ይላል። አለቀ። አርባ ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ለኖረ ወንድም ሁለት መስመር! ይህ ሰው ቀለም የሚገዛው በጠብታ ሳይሆን አይቀርም።

ደግነቱ አንድ ጨዋ ሰው አለላችሁ፤ ኩሮታኪ የሚባል። ባለፈው ወር ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈልኝ። "የታላቅ ወንድምዎን መታመም ሰምተን በእጅጉ አዝነናል። ሕመማቸው ምን እንደሆነ፣ በቤተሰቡም ከዚህ ቀደም ታይቶ እንደሆነ ብናውቅ በምንችለው ሁሉ ከጎናችሁ እንቆም ነበር" ይላል። የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል! መመለሻ ፖስታ ሳይቀር አድራሻውን ጽፎ ልኮልኛል። ታማሚ ለጠየቀ ሰው በጽሑፍ ምስጋና አለመመለስ በእኛ ቤት ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናታችን ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ ጆሮዬን ትቆነጥጠው ነበር። ስለዚህ በዚያው ቀን አራት ገጽ መለስኩለት። እናታችንም እህታችን ጹያም በጨጓራ ካንሰር እንደሞቱ፣ የቶኪዞ ግን ቁስለት ብቻ ስለሆነ በከንቱ እንዳይጨነቅ ነገርኩት። ለመሆኑ ደንበኛችሁ ነው?

አሁን አንቺ ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ። ቁስለት ብቻ ነው? ስልካችሁስ ለምን አይነሣም? ለመጠየቂያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ አብሬ ልኬያለሁ። አባትሽ አያስፈልገኝም ይልሻል፤ አትስሚው።

አጎትሽ ኢዋኦ


ያትሱሺሮ፣ ጃፓን
ማርች 27 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ ለኢዋኦ፤

ሰላምታዎም ገንዘቡም በደህና ደርሶናል። ለዶሮዎችዎ ነፋስ፣ ለአክስቴ ጉልበት ብርታት ይስጥልን። እዚህ የቼሪው ዛፍ አብቧል አሉ፤ እኔ ዘንድሮ ቀና ብዬ አላየሁትም።

አጎቴ፣ ኩሮታኪ ደንበኛችን አይደለም። ዕዳ አስመላሽ ነው።

ባለቤቴ ሪኪያ አምና ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ተበድሮ አባቴ ዋስ ሆነው ማኅተማቸውን አሳርፈውለት ነበር። በኅዳር ሪኪያ ክር ልገዛ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ዕዳው አባቴ ላይ ወደቀ። ያኔ ነው የብድሩን ቅጽ ጀርባ ያነበብኩት። ጉንዳን በሚያካክል ጽሑፍ ድርጅቱ በአባቴ ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ ገብቷል። የእርስዎንም አድራሻ ያገኙት እዚያው፣ "የቅርብ ዘመድ" ከሚለው መስመር ላይ ነው። ስልኩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። በቀን መቶ ጊዜ ይደውሉ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ሆነው መጡ። ኩሮታኪ ጫማውን አውልቆ፣ የጫማውን ጫፍ ወደ ውጭ አዙሮ፣ አስተካክሎ አስቀመጠ። ሁለቱ ግን ከነጫማቸው ገቡ፤ ሰፍቼ ላዘዘን ደንበኛ ገና ያላስረከብኩት አዲስ ታታሚ ላይ። ከሁለቱ አንደኛው አንገቱ የኮርማ ነው፤ ስሙን ስለማላውቅ አንገተ ወፍራሙ እለዋለሁ። ኩሮታኪ የእርስዎን ደብዳቤ ከኪሱ አወጣና አራቱንም ገጽ አነበበልኝ።

"እናትም በጨጓራ፣ እህትም በጨጓራ" አለ። "እመቤቴ፣ የእሳቸው ቁስለት ነው ብለው ማንን ሊያሞኙ ነው?"

"እሱን ሐኪሙ ያውቃል።"

"እኛም ማወቅ አለብን። አባባ የሚሞቱ ከሆነ ኢንሹራንሱ ይከፍለናል፤ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የማይሞቱ ከሆነ ሱቁን እንሸጣለን። የትኛው እንደሆነ የሚናገረውን የሐኪም ወረቀት ብቻ ያምጡልን። ይህን ያህል ከባድ ነው?"

"የአባቴ ገመና ነው። አልሰጥም!" አልኩት።

አንገተ ወፍራሙ ተነሥቶ የመስታወቱን በር በእርግጫ አፈራረሰው። ስብርባሪው ፊቴ ላይ ዘነበ፤ ቅንድቤ አራት ቦታ ተሰፍቷል። ከዚያ ፀጉሬን ጨብጦ ግንባሬን ከመሥሪያው ጠረጴዛ ጋር አላተመው። ኩሮታኪ ጎን ቆሞ "በዝግታ፣ በዝግታ" ይል ነበር፤ ዕቃ ለሚያጥብ ሰው እንደሚመክር። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የብድር ነገር የሰው ለሰው ጉዳይ ነው፣ እኛ አንገባበትም ብለው ሻይ አጠጡኝና ሸኙኝ።

እውነቱን ጠይቀውኛል። ሐኪሙ እኔን ብቻ ወደ ቢሮው ጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ ነገረኝ። የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ጉበታቸው ውስጥ ገብቷል፤ ከመከር አያልፉም። "ለእሳቸው ምን እንበላቸው?" አለኝ። እንደ ሰው ሁሉ እኔም "ቁስለት ነው ይበሉልኝ" አልኩት። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ጻፈ። አንዱ አባቴ እንዲያዩት ነው፤ ቁስለት፣ የሦስት ወር ዕረፍት ይላል። እውነተኛው ከኪሞኖ ቀሚሴ ሣጥን ሥር ተደብቋል። እናንተም አያቴን እንዲሁ አድርጋችሁ እንደሸኛችኋት፣ እስከ መጨረሻው ብርድ ነው ብላ እንዳመነች አባቴ ራሳቸው ነግረውኛል።

እውነተኛውን ብሰጥ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። በሽተኛው ራሱ የበሽታውን ስም አይቶ ካልፈረመ ኢንሹራንሱ አይቀበልም አሉ። ኩሮታኪ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ "ይሞታሉ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ" ሊላቸው ነው። እሱን ከማይ ሱቁ ከነሕይወቴ ቢቃጠል ይሻለኛል። እርስዎም ለአባቴ ሲጽፉ ስለ ዶሮ ብቻ ይጻፉላቸው፤ አደራዎን።

ፉሳኤ


ባስቶስ
ኤፕሪል 11 ቀን 1999

ለልጄ ለፉሳኤ፤

ሰላምታውን ቀጥሎ ባለው ደብዳቤ እክስሻለሁ፤ ዛሬ አፌ ለመልካም ቃል አይታዘዝም።

አራት ገጽ! በእጄ! ቀይ ማኅተሜን ሳይቀር አሳምሬ መትቼበት! ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ የመኖ ቤቱን በር በቡጢ መታሁት። በሩ ደህና ነው፤ የእኔ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። አክስትሽ ስታስርልኝ "አሁን ለማን ጻፍክ ደግሞ?" አለችኝ። ይህች ሴት ከድሮም አንጀቴን ማቁሰል ትችልበታለች።

ያንን ሰውዬ እዚህ ባገኘው ሸንኮራ በምቆርጥበት ገጀራ ከተረከዙ ጀምሬ እመትረው ነበር። ለአሳማም አልሰጠውም፤ አሳማዎቹ ምን በደሉኝ? ደሜ ፈልቶ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን ተኝቼ ሳሰላስል አንድ ዘዴ መጣልኝ። አንቺ እኮ ሁለት ወረቀት አለሽ። ወረቀት አምጪ ካሉሽ፣ ለአባትሽ የተጻፈውን ስጪያቸው! የሆስፒታሉ ማኅተም አለበት፣ የሐኪሙ ፊርማ አለበት፤ ሐሰት ነው ብሎ የሚከስሽ የለም። ያነብቡና ይሄዳሉ፤ ወንድሜም ሳይሰማ በሰላም ይከርማል። ነገ ዛሬ አትበይ፤ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ አድርጊው።

ለቶኪዞ ስለ ዶሮ ስድስት ገጽ ጽፌለታለሁ።

ሞኙ አጎትሽ ኢዋኦ


ያትሱሺሮ
ሜይ 12 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ፤

ቄጠማው ጉልበት ደርሷል። የጣቶችዎ ስብራት እንደገጠመልዎ ተስፋ አለኝ። የምጽፈው በአንድ ጎኔ ተኝቼ ነውና የፊደሉን መንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ኩሮታኪ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ "እንኳን ደስ ያለዎት" አለኝ። "አባባ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ደግሞ ይሠራል፣ ይፈርማል፣ ይከፍላል።" ያን ጊዜ ነው የሠራነው ስሕተት የታየኝ። ያ ወረቀት ሰው እንዲጽናናበት የተጻፈ ነው። እነሱ ግን አመኑት።

በሜይ መጀመሪያ ለበዓሉ ሰሞን ሆስፒታሉ አባቴን ለሦስት ቀን ወደ ቤት ለቀቃቸው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከጠረጴዛቸው ፊት ተቀምጠው ቤተ መቅደስ ያዘዘንን ታታሚ ጠርዝ ሲሰፉ ሦስቱ ገቡ።

"አባባ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ" አለ ኩሮታኪ።

"ማን ነህ አንተ? ታታሚ ልታሠራ ነው?"

"የሱቁን ሽያጭ ሊፈርሙልን ነው።"

"ሱቁ የአባቴ ነው፤ አልሸጠውም። አንተ ጫማህን አውልቀሃል፣ ለእሱ አመሰግንሃለሁ። እነዚህን ሁለት ከብቶች ግን አስወጣልኝ።"

አንገተ ወፍራሙ በጥፊ መታቸው። ሰባ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ሰው፣ በአንድ አጥሚት የሚውሉትን ሰው፣ በጥፊ! ከወደቁበት ቀና ብለው በአፋቸው የሞላውን ደም ሸሚዙ ላይ ተፉበት። ሁለቱ አንሥተው ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። "ታታሚ ሰፊ ክሩን የሚያጠብቀው በክርኑ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አለ ኩሮታኪ፣ እንደዋዛ። ሁለተኛው ሰውዬ የእኛኑ የእንጨት መዶሻ አነሣ።

አንድ ጊዜ መታቸው። ሁለተኛው ላይ አጥንቱ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። እኔ አንገተ ወፍራሙ ጀርባ ላይ ዘልዬ ወጥቼ ጆሮውን በጥርሴ ያዝኩት። አልለቀቅሁም። ቁራጩ አፌ ውስጥ እስኪቀር ነከስኩት። ግድግዳው ላይ ወረወረኝና ጎኔን ደጋግሞ ረገጠኝ፤ ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሯል። ተኝቼ ሦስተኛውን አየሁ። አራተኛውንም አየሁ።

ከአራተኛው በኋላ አቆሙ። ኩሮታኪ የአባቴን ኮሌታ አስተካከለ፣ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ጫማውን አጠለቀና ሄዱ።

አባቴ ክንዳቸው በጀሶ ታስሯል። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይታጠፍም ብሏል። ከዚህ በላይ ለመጻፍ አቅም የለኝም። ገንዘብ አይላኩ።

ፉሳኤ


ባስቶስ
ሜይ 27 ቀን 1999

ፉሳኤ፤

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? አንቺን ያስረገጥኩ እኔ ነኝ። ወንድሜን በመዶሻ ያስመታሁ እኔ ነኝ። መጀመሪያ በምስጋናዬ፣ ቀጥሎ በዘዴዬ። ያንን ክርን አውቀዋለሁ። በዚያ ክርን ነው ሕፃን ሆኜ የሚጎሽመኝ፤ አባታችን ሊገርፈኝ ሲመጣ ከፊቴ ቆሞ ምቱን የሚመክተው በዚያ ክርን ነበር።

ልመጣ ነበር። ይህ አገር የገንዘቡን ዋጋ በጥር ወር ጥሎት የእኔ እንቁላል ሁሉ ተሽጦ የግማሽ መንገድ ቲኬት አይገዛም፤ የልቤም ሐኪም አውሮፕላን ከወጣህ በሣጥን ትወርዳለህ ብሎኛል። ቁጭ ብዬ ራሴን እረግማለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ አልጻፍሽውም። ሰው እየቀጠቀጡ የነበሩ ሰዎች አራተኛው ላይ ለምን አቆሙ? ለምንስ ይቅርታ ጠየቁት? ምን አየ ያ ሰውዬ? ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ።

ኢዋኦ


ያትሱሺሮ
ጁን 13 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ፤

ዝናቡ ገብቷል። ቄጠማው ሊታጨድ ነው።

እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። መሬት ላይ ተኝቼ "ተዉአቸው! የሚሞቱ ሰው ናቸው! ካንሰር ነው! ወረቀቱ ሐሰት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ኩሮታኪ አጠገቤ ተንበረከከና በለሰለሰ ድምፅ "ስንት ወር ነው የሰጧቸው?" አለኝ። አባቴ ያዩኝ ነበር፤ ጉንጫቸው ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ፣ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። እኔም መለስኩለት። "እስከ መከር" አልኩት። አጎቴ፣ ለዕዳ አስመላሽ መለስኩለት! ከመጀመሪያው ምት በፊት ብናገር ክርናቸው ይተርፍ ነበር። ጭራሽ ባልናገር ደግሞ ሳያውቁ ይሞቱልኝ ነበር። እኔ ሁለቱንም አጠፋኋቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። ሆስፒታል አልመለስም ብለው በምልክት ነግረውኝ ከሱቁ ወለል ላይ፣ ከጠረጴዛቸው ሥር አንጥፌላቸዋለሁ። አጥሚት አቀርባለሁ፤ ይጠጣሉ። ገላቸውን አጥባለሁ፤ ይታጠባሉ። ዓይናቸው ግን ጣሪያ ላይ ነው። ቤት ለምትመጣው ነርስ ደህና ዋልሽ ይላሉ፣ ለጎረቤት ይስቃሉ። እኔ ስገባ ዝም።

ኩሮታኪ አሁን በየሐሙሱ ይመጣል። ከሱቅ የተጠቀለለ ሜሎን ይዞ። ተንበርክኮ "አባባ፣ ምግብ ይስማማዎታል? ከስተው የለ?" ይላቸዋል። በሩንም በራሱ ወጪ አሠራልን። እውነተኛውን ወረቀት ከነፊርማቸው ይፈልጋል፤ ሊወስደው የመጣ እንደሆነ ደግሞ አላውቅም ምን እንደማደርግ። ሜሎኑን ለውሻ እጥላለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን እሱ አይደለም። አባቴ እንዲህ አኩርፈውኝ ሊሞቱ ነው።

ፉሳኤ


ባስቶስ
ጁን 26 ቀን 1999

ልጄ ፉሳኤ፤

ምክር የለኝም። ሁለት ጊዜ መከርኩሽ፣ ሁለቱንም አየሽው። ስለዚህ ምን አድርጊ አልልሽም። አብሬሽ አለቅሳለሁ፤ እሱን እችላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። እኔ የማውቀው ቶኪዞ ሲናደድ ይሰድባል እንጂ ዝም አይልም። ዝም ካለ የሚፈልገው ነገር አለ፤ መለመን ስለማይወድ ነው።

ኢዋኦ


ያትሱሺሮ
ጁላይ 11 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ቄጠማው ታጭዶ ሜዳው ሁሉ ራቁቱን ቀርቷል። እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬ ይህን ቃል ሳልዋሽ ነው የምጽፈው።

በጁላይ የመጀመሪያው ሐሙስ ኩሮታኪና አንገተ ወፍራሙ መጡ፤ ጆሮው የነበረበት ቦታ በፕላስተር ታሽጓል። ኩሮታኪ ሜሎኑን አስቀመጠ፣ ከአባቴ ራስጌ ተንበረከከ፣ የኢንሹራንሱን ቅጽ ታታሚው ላይ ዘርግቶ እንዳይታጠፍ በመዳፉ ያዘው። "አባባ፣ በግራዎ ቢሆንም ይበቃናል። ሐኪምዎ ያለውን ሁሉ ለእኛ እንዲያሳይ ፈቅጃለሁ ነው የሚለው። እዚህ ጋ" አላቸው።

አባቴ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ብዕሩ መስሎኝ ነበር። ከጠረጴዛው እግር ላይ የተሰካውን ስንዝር የሚያህል የታታሚ መስፊያ መርፌ ነቅለው በኩሮታኪ እጅ ላይ ሰኩት፤ በእጁ፣ በቅጹ፣ በታታሚው አልፎ ከሥር እንጨቱ ድረስ። ያ ለስላሳ ሰውዬ እንደ ፍየል ጮኸ። ደሙ ቅጹን አለበሰው። አንገተ ወፍራሙ ሊዘልባቸው ሲል እኔ ሰፊውን የታታሚ ቢላ ይዤ መካከል ቆምኩ። "ና! ሌላኛው ጆሮህ ቀርቶኛል!" አልኩት። ዓይኔን አየና ቆመ። ቢመጣ ኖሮ አንገቱን እቆርጠው ነበር።

አባቴም ከሁለት ወር በኋላ እኔ ባለሁበት አፋቸውን ከፈቱ። "ያዘው እንጂ ወረቀቱን" አሉ ኩሮታኪን። "ስትፈልገው አልነበር?"

መርፌውን ራሱ አንገተ ወፍራሙ ነቀለለት። ኩሮታኪ እያለቀሰ ወጣ፤ ጫማውን እንኳ ረስቶ። ፖሊስ ዘንድ አልሄደም፤ ቢሄድ የክርኑ ነገር ይነሣበታል። ከዚያ ወዲህ ዝር አላሉም።

በሩን ዘግቼ ስመለስ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያንን ወረቀት አምጪው።"

"የትኛውን?"

"ለእነሱ የነገርሻቸውን።"

ከሣጥኑ ሥር አወጣሁት። እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ልል ስጀምር ቆጡኝ። "በመደበቅሽ አልተቀየምኩሽም። እኔም እናቴን ደብቄያታለሁ፤ ነገም ቢሆን እደብቃታለሁ። ግን ሞቴን ከእኔ በፊት ዕዳ አስመላሽ ሰማ። ስንት ወር ቀረው ብሎ ሲጠይቅሽ ለእሱ መለስሽለት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከመጣ አይቀር መጀመሪያ ለእኔ ነበር መምጣት የነበረበት።"

"አዎ አባቴ።"

"እንግዲያው ምንም እንዳልሰማሁ አድርገሽ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ አንብቢልኝ።"

አነበብኩላቸው። የማላውቃቸው የሐኪም ቃላት ነበሩበት፤ ስሳሳት አስቁመው እንደገና ያስብሉኝ ነበር። የጉበቱን አነበብኩ። የወራቱን አነበብኩ። ሳቆም "ቀጥይ" ይላሉ። ስጨርስ ወረቀቱን በግራ እጃቸው ተቀብለው ብዙ አዩትና "ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነው?" አሉ፤ ሳቅም አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። ሁለታችንም አለቀስን፤ አልደበቅንም።

ስለ ዕዳው ሕግ አዋቂ ጠይቄአለሁ። አባቴ ሲያልፉ በሦስት ወር ውስጥ ውርሱን አልፈልግም ብዬ ብጽፍ ዕዳው አይከተለኝም፤ ሱቁ ግን ይሄዳል። ይሂድ። ከእኔ ቀጥሎ ወራሽ እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎም ወረቀት ይመጣል፤ አልፈልግም ብለው ይፈርሙ። እባክዎ ግን አራት ገጽ ምስጋና አይጻፉላቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የአባቴ ቃል ነው፤ እየተናገሩ አጽፈውኛል። እርስዎ እንደሚያውቁ አልነገርኳቸውም። ማንም ሳይሰማ ለወንድሜ ልንገረው ብለው ነው። አደራ፣ አጎቴ።

ፉሳኤ

"ኢዋኦ፤ ጨጓራዬ ቁስለት አይደለም። ካንሰር ነው፤ ጉበቴ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ከመከር አታልፍም ብሏል። ይህን ለማንም ሰው አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ አንተ እንድትሰማው ብዬ ነው። ዶሮዎችህን ሰላም በልልኝ። ቶኪዞ"


ባስቶስ
ጁላይ 24 ቀን 1999

ለታላቄ ለቶኪዞ፤

ብርዱ እዚህ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ሙታኖቻችን ከጎንህ ይሁኑ።

ዛሬ ደብዳቤህ ደረሰኝ። ምንም አላውቅም ነበር። ቁስለት ስትለኝ ቁስለት ብዬ አምኜ ስለ ዶሮ ስቀልድብህ ከረምኩ። የእንቁላል ሣጥን ይዤ ነበር ያነበብኩት፤ ከእጄ ወድቆ ሁሉም ተሰበረ፤ ሚስቴ ምን ሆንክ ብትለኝ መናገር አቃተኝ። ወንድሜ፣ ደነገጥኩ። ሳላይህ ልትሄድብኝ ነው? በሕፃንነቴ አባታችን አለንጋ ይዞ ሲመጣ ከፊቴ የቆምከው አንተ ነህ፤ እኔ አሁን ካንተ ፊት መቆም ባለመቻሌ አፍራለሁ። እወድሃለሁ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩትም፣ አሁን ጻፍኩት።

ለፉሳኤ ነግረሃታል? ካልነገርካት ቀስ ብለህ ንገራት፤ አንጀቷ ስስ ነው፣ ትደነግጣለች።

ከሰው ሁሉ በፊት ለእኔ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።

ታናሽህ ኢዋኦ